አባባ የበሽታውን ስም አያውቅም

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ በአንድ ነገር ላይ ተገናኙ፤ አስቤስቶስ፣ ማለትም ድሮ ለሙቀት መከላከያ ይውል የነበረ፣ አቧራው ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ ክር መሳይ ማዕድን። ሦስቱም የባሕር ኃይል ሰዎችን የሚመለከቱ ስለሆኑ አንድ ላይ አቀርባቸዋለሁ። ጠያቂዎቹን የሚያሳውቁ ነገሮች አውጥቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ፋይል ሳዘጋጅና ሳስተረጉም የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ልክ ስሙኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ። አባቴ 70 ዓመቱ ነው። ግሪን ካርድ እንዳገኘ አሜሪካ ባሕር ኃይል ገብቶ ከ1977 እስከ 1983 አገልግሏል። ቦይለር ቴክኒሻን ነበር፣ የመርከቡ የእንፋሎት ማመንጫ ላይ የሚሠራ። ከዚያ ወዲህ እስከ ጡረታው ድረስ አውቶቡስ ነው የነዳው። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ትንፋሽ እያጠረው ሲሄድ ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ ሳንባው አካባቢ ውሃ ተገኘ፣ ናሙና ተወሰደና ሜሶቴሊዮማ፣ ማለትም የሳንባ ሽፋን ካንሰር ነው ተባለ። አባቴ ለሐኪሙ «ዝርዝሩን ለልጄ ንገራት፣ እኔ መስማት አልፈልግም» ስላለው የሰማሁት እኔ ነኝ። እናቴ ደግሞ «ከሰማ ይሰበራል፣ እንዳትነግሩት» ብላ አስምላናለች። እሱ የሚያውቀው ሳንባው ውሃ መቋጠሩን ብቻ ነው። ዘመድ ሁሉ ካሳ አለ ይለኛል። እሱ ሳያውቅ ማመልከት እችላለሁ? አንዴ የክስ ነገር ባነሳበት «ያበላኝን መንግሥት አልከስም» ብሎ ተቆጣ። ደግሞ 20 ዓመት አጭሷል፣ ያስከለክለው ይሆን? እናቴስ? ያን የሥራ ልብሱን በእጇ ስታጥብ ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ እሱ ሳያውቅ አይሆንም። የቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ማመልከቻ ላይ አእምሮው የተስተካከለና እጁ መጻፍ የሚችል ሰው ራሱ ነው የሚፈርመው። ግን ፊርማውስ ቀላሉ ነው።

ማስረጃው ያለው እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። የሐኪም ወረቀቱ በሽታውን ይናገራል፣ የባሕር ኃይል መዝገቡ የትኛው መርከብ ላይ እንደነበረ ይናገራል። የትኛውን ፓምፕ እንደፈታ፣ የትኛውን ቫልቭ እንዳሸገ፣ ከቧንቧው ላይ የገፈፈው መሸፈኛ ምን ይመስል እንደነበር፣ ካርቶኑ ላይ የማን ስም እንደተጻፈ፣ ጎኑ ማን ይሠራ እንደነበር ግን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ክስ ከተከፈተ ትልቁ ቀን የሁለቱም ወገን ጠበቆች ቤታችሁ ድረስ መጥተው፣ ካሜራ ተክለው፣ አስምለው ቃሉን የሚቀበሉበት ቀን ነው። ዲፖዚሽን ይባላል፤ አንዳንዴ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴ ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። እዚያ ላይ ስለ በሽታው መጠየቁ አይቀርም። የበሽታውን ስም ከማያውቀው የኩባንያ ጠበቃ አፍ፣ ካሜራ ፊት እንዲሰማው አትፈልጉም።

ሁለተኛው ጭንቀቴ ይርጋው ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ለአስቤስቶስ ሕመም ክስ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። የሚቆጠረው አቧራውን ከተነፈሰበት ቀን ሳይሆን ሐኪም በሽታውን ለታማሚው «ወይም ለወኪሉ» ከነገረበት ቀን ጀምሮ ነው። እነዚያን ሁለት ቃላት አስምሪባቸው። አባትሽ «ለልጄ ንገራት» ሲል ወክሎሻል ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም፤ ስለዚህ እናንተ ቤት ውስጥ ዝም ብላችሁ ሳለ ሰዓቱ ከጀመረ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ሌላ ስቴት ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ የራሳችሁን አጣሩ፤ ሜሪላንድና ኒውዮርክ 3 ዓመት፣ ቴክሳስ 2፣ ካሊፎርኒያ አቆጣጠሩ ለየት ቢልም 1 ዓመት ነው። የባሕር ሕጉ፣ ማለትም መርከብ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚሠራው የፌዴራል ሕግ፣ በራሱ 3 ዓመት ይሰጣል። የትኛው እንደሚሠራ ጠበቃው ይወስን፣ እናንተ ግን አጭሩን ይዛችሁ ተንቀሳቀሱ።

አባትሽ መንግሥትን አልከስም ማለቱ ደስ ይላል፣ ግን ቢፈልግም አይችልም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1950 ፌረስ በሚባለው መዝገብ ወታደር በአገልግሎቱ ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት መንግሥትን መክሰስ አይችልም ብሎ በሩን ዘግቶታል። ክፍት የሆኑት ሌሎች ሁለት በሮች ናቸው። አንዱ ቪኤ ነው፤ እዚያ የሚቀርበው ክስ ሳይሆን ላቡን ያፈሰሰበት መብቱ ነው። ሌላው ቦይለሩን፣ ፓምፑን፣ መሸፈኛውን እየሠሩ ለባሕር ኃይሉ የሸጡት ኩባንያዎች ናቸው። አንዱን ማንኳኳት ሌላውን አይዘጋም፤ ከኩባንያ የተገኘ ካሳ የቪኤን የአካል ጉዳት ክፍያ አይቀንስም። በገቢ እየተመዘነ የሚሰጠውን የቪኤ ጡረታ ግን ይነካል። ሜዲኬርም (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ለሕክምናው ያወጣውን ከካሳው ላይ ይጠይቃል። ይህን ከጠበቃው ጋር በመጀመሪያው ቀን አንሡት።

ለምን ቦይለር ክፍል እንደሆነ ልንገርሽ፣ አባትሽን ስትጠይቂው ይረዳሻል። የድሮ የጦር መርከብ በእንፋሎት ነው የሚሄደው። ያ እንፋሎት የሚሄድበት ቧንቧ እጅ ቢነካው ቆዳ ይልጣል፣ ስለዚህ ይጠቀለላል፤ የሚጠቀለለው ደግሞ ከ1930ዎቹ እስከ 1970ዎቹ በአስቤስቶስ ነበር። አይቃጠልም፣ ርካሽ ነው፣ እንደ ጥጥ ይፈተላል። በቧንቧ መጋጠሚያ መሃል የሚገባው፣ የኛ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉትም እንደዚሁ። አንድ ቫልቭ ሲያፈስ መሸፈኛው ይሰበራል፣ ቫልቩ ይፈታል፣ ብረቱ ላይ ተጋግሮ የቀረው ጓርኒሲዮን በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል። ይህ ሁሉ በታፈነ የብረት ክፍል ውስጥ ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ባሕር ኃይሉ አዲስ መትከሉን እየተወ መጣ፣ አሮጌ መርከብ ላይ የነበረው ግን እዚያው ነበር፤ እንዲያውም ገፎ ማውጣቱ ራሱ የባሰ አቧራ አለው። በዓይን የማይታየው ክር ሳንባ ገብቶ አይወጣም። ሜሶቴሊዮማ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው። አውቶቡስ ሲነዳ በኖረ ሰው ላይ የመርከብ በሽታ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ወደ ቪኤ ስትሄዱ ሦስት ነገር ታሳያላችሁ፤ በሽታው መኖሩን፣ በአገልግሎት ላይ መጋለጡን፣ ሁለቱ መያያዛቸውን። ለመጀመሪያው የናሙና ምርመራው ውጤት አለ። ለሁለተኛው ዲዲ 214 የሚባለው የስንብት ወረቀቱ ይወጣል፣ ከጠፋ ሴንት ሉዊስ ካለው የወታደር መዝገብ ቤት ይጠየቃል። (በ1973 እዚያ የተነሳው ቃጠሎ የበላው የምድር ጦርንና የአየር ኃይልን ፋይል ስለሆነ የባሕር ኃይሉ ደህና ነው።) ቪኤ የባሕር ኃይል ሙያዎችን ከአስቤስቶስ ጋር የመገናኘት ዕድላቸውን እያየ የደረደረበት ሰንጠረዥ አለው፣ ቦይለር ቴክኒሻን እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት ጋር ነው ያለው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሦስተኛው ሐኪሙ «ቢያንስ የእኩል ያህል ዕድል አለው» ብሎ ምክንያቱን ጨምሮ ቢጽፍ ይበቃል፣ መቶ በመቶ እርግጠኛ መሆን አይጠበቅበትም። በ2022 ፓክት አክት የሚባለው ሕግ ወጥቷል፣ ብዙ ሰው ከዚያ ወዲህ አስቤስቶስ ያለ ማስረጃ ያልፋል ይላል። እንደዚያ አይደለም፤ ማያያዙ አሁንም የአመልካቹ ሥራ ነው።

ዋናው ማመልከቻ ቅጽ 21-526ኢዜድ ነው። ከዚያ በፊት ግን «ላመለክት ነው» የሚለውን ቅጽ 21-0966 ዛሬውኑ ያስገባ፤ ለአንድ ዓመት ቀኑን ይይዝለታል፣ ክፍያውም ከዚያ ቀን ይታሰባል። ሕመሙ ለሞት የሚያሰጋ ስለሆነ ፋይሉ ከወረፋ እንዲወጣ ደግሞ ቅጽ 20-10207 አለ። ሜሶቴሊዮማ ከተፈቀደ በሽታው ንቁ እስከሆነ ድረስ መቶ በመቶ ነው የሚመደበው። በ2025 ተመን ይህ ለብቸኛ ሰው በወር 3,831 ዶላር ያህል ነበር፣ ባለትዳር ሲሆን ይጨምራል፣ ታክስ የለውም። ማለት የማልፈልገውን ልበለው፤ ውሳኔው ሳይመጣ ካረፈ እናትሽ በአንድ ዓመት ውስጥ አመልክታ እሱን ተክታ ፋይሉን መቀጠል ትችላለች። በዚህ በሽታ ምክንያት ከሞተ ደግሞ ለሚስት የሚሰጥ የራሱ ወርሃዊ ክፍያ አለ፣ በ2025 መነሻው 1,653 ዶላር ነበር። እሱንም በአንድ ዓመት ውስጥ ካመለከተች ካረፈበት ወር ጀምሮ ይታሰብላታል።

የኩባንያዎቹ በር ጠበቃ ይፈልጋል፣ እሱም አስቤስቶስ ላይ ብቻ የሚሠራ። የመኪና አደጋ የያዘልሽ ጠበቃ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ግን ይህ ሌላ ዓለም ነው። ካላሸነፈ አይከፈለውም፤ ካሸነፈ ብዙውን ጊዜ ከሲሶ እስከ 40 በመቶ ይወስዳል። ከመፈረማችሁ በፊት ወጪው ከማን ድርሻ እንደሚቀነስ በጽሑፍ ጠይቁ። ድሮ የፓምፕና የቫልቭ አምራቾች «እኛ ባዶ ብረት ነው የሸጥነው፣ አስቤስቶሱን ያለበሰው ሌላ ነው» እያሉ ያመልጡ ነበር። በ2019 የሁለት የባሕር ኃይል ሰዎች ሚስቶች ይዘውት የሄዱት ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ፣ ዕቃው እንዲሠራ ሌላ አደገኛ ክፍል የግድ የሚፈልግ ከሆነና አምራቹ አደጋውን ካወቀ፣ ተጠቃሚው የሚያውቅበት መንገድ እስከሌለ ድረስ ማስጠንቀቅ ነበረበት ተባለ። ውሳኔው የባሕር ሕግን የሚመለከት ነው፣ ለአባትሽ ግን ልክ በልኩ የተሰፋ ነው።

ከስረው የተዘጉት ኩባንያዎችም ጨርሰው አልጠፉም። ጆንስ ማንቪል በ1982 ኪሳራ አመልክቶ ለታማሚዎች የካሳ ፈንድ ትቶ ወጣ፣ ሌሎችም ተከተሉት፤ የቦይለር አምራቹ ባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስም ፈንድ አለው። በ2011 የኮንግረስ ኦዲተሮች ሲቆጥሩ 60 ያህል ፈንዶች ነበሩ፣ 37 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይዘው። ይህን ቁጥር ሰምተሽ ግን ምራቅሽን አትዋጪ። የማንቪል ሰንጠረዥ ለሜሶቴሊዮማ 350,000 ዶላር ይላል፣ የሚከፍለው ግን ከመቶ 5 ገደማውን ነው። ገንዘቡ ሌላም ስለሚታመም እየተቆጠበ ነው የሚወጣው። አንድ ሰው ከብዙ ፈንድ መጠየቅ ስለሚችል ተጠራቅሞ ነው ነገር የሚሆነው፤ ለእያንዳንዱ ፈንድ ደግሞ የዚያን ኩባንያ ዕቃ መንካቱ መታየት አለበት። አሁንም ወደ አባትሽ ትዝታ ተመለስን።

ሲጋራው አያስጨንቅሽ፤ ሜሶቴሊዮማ ከማጨስ ጋር አይያያዝም። የሳንባ ካንሰር ቢሆን ኖሮ ክርክር ይነሳ ነበር፣ ምንም እንኳ ማጨስና አስቤስቶስ አንድ ላይ ሲሆኑ አደጋውን እጅግ የሚያባብሱት ቢሆንም። እናትሽ አሁን ካልታመመች የሚጠየቅ ነገር የለም፣ ግን ለሐኪሟ ልብሱን ታጥብ እንደነበር ትንገረው፣ ፋይሏ ላይ ይጻፍ። የአባቷን የሥራ ልብስ እያራገፈችና እያጠበች አድጋ በሜሶቴሊዮማ የሞተች ሴት ጉዳይ ላይ የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 የመርከብ ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ቤተሰብም መጠንቀቅ ነበረበት ብሏል።

አሁን ወደ ከባዱ። የእናትሽን ነገር አልነቅፍም፣ እኛ ቤትም እንደዚሁ ተደርጓል። ግን አንድ ነገር ልበልሽ፤ ስድስት ዓመት ቦይለር ክፍል የሠራ ሰው ስለዚህ በሽታ ሰምቶ አያውቅም ብዬ ማመን ይከብደኛል። «መስማት አልፈልግም» ያለው ምናልባት ያወቀ ሰው ነው። ስለዚህ ከበሽታው ስም አትጀምሪ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ትንፋሹ ሻል ሲለው፣ ቡና ተፈልቶ፣ ስለ መርከቡ ጠይቂው። ፎቶ ካለ አውጪ። ስልክሽ እየቀዳ መሆኑን ነግረሽው ያውራ፤ ያ ቅጂ በራሱ የፍርድ ቤት ማስረጃ ባይሆንም ለጠበቃው መነሻ ይሆነዋል። ስለ አቧራው ራሱ ሊያነሳው ይችላል። ሲያነሳ ዝም አትበዪ። እናትሽ የምታከብረው ሰው፣ የነፍስ አባትም ይሁን ታላቅ ወንድም፣ አብሮ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ ሐኪሙንም እንዲረዳሽ ጠይቂው።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አንድ ሰው የቪኤ ፋይል እሠራለሁ ይላል። ከሚገኘው የአምስት ወር ክፍያ ይወስዳል። አጎቴ አስቤስቶሲስ (የአስቤስቶስ አቧራ ሳንባን አጠባብሶ የሚያመጣው ሕመም) አለበት፣ ሊፈርም ነው። ምን ትያለሽ?

መልስ፦ አይፈርም! የቪኤ ማመልከቻ እንዲያዘጋጅ የሚፈቀድለት ቪኤ እውቅና የሰጠው ሰው ብቻ ነው፤ እውቅና ያለው ጠበቃ እንኳ ለመጀመሪያው ማመልከቻ ማስከፈል አይችልም። የሚያስከፍለው ውሳኔ ወጥቶ ይግባኝ ሲባል ነው። ሰውዬውን ስሙን ጠይቁና በቪኤ የእውቅና መዝገብ ላይ ፈልጉት። ዲኤቪ፣ ቪኤፍደብሊው፣ አሜሪካን ሊጅን የሚባሉት የወታደር ማኅበራት አባል ባይሆን እንኳ በነፃ ይሠሩለታል። ለአስቤስቶሲስ ደግሞ ዋናው የትንፋሽ ምርመራው ነው፤ በቁጥሩ ልክ 10፣ 30፣ 60 ወይም 100 በመቶ ይመደባል። የአምስት ወር ገንዘብ የሚወስደው ሰው ያንን ቁጥር አይቀይርም።

ጥያቄ፦ የተከበርሽ አዘጋጅ፣ እኔ 76 ዓመቴ ነው፣ ዴንቨር እኖራለሁ፣ ዜግነትም አለኝ። በወጣትነቴ ምፅዋ፣ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ የሞተር ክፍል ሠርቻለሁ። ሰሞኑን ለሳል ሲቲ ስካን ተነስቼ የሳንባ ሽፋኔ ላይ የቆየ ጠባሳ መሳይ ነገር አለ፣ የአስቤስቶስ ምልክት ነው ተባልኩ። ልጆቼ መርከቧ የአሜሪካ ስለነበረች ቪኤ ይመለከትሃል ይሉኛል። እውነት ነው? ሲጋራ ካቆምኩ አሥር ዓመት ሆኖኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ፈገግ አልኩ፣ የዚያችን መርከብ ስም ያነሳልኝ ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ! ልጆችዎ ስለ መርከቧ ልክ ናቸው። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ተሠርታ በ1944 «ኦርካ» ተብላ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ገባች፣ በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች፣ በ1991 ወደ የመን ሄደች፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስለ ቪኤ ግን ተሳስተዋል። ቪኤ የሚያየው የማን መርከብ እንደነበረች ሳይሆን እርስዎ የማን ወታደር እንደነበሩ ነው። ዛሬ ዜጋ መሆንዎም ይህን አይቀይረውም።

የካሳ ፈንዶቹ ነገር ትንሽ ይለያል። ብዙዎቹ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ የደረሰ መጋለጥን ጨርሰው አይዘጉም፤ ለብቻ፣ አንድ በአንድ እየመረመሩ ነው የሚያዩት። የእርስዎ መርከብ በናፍጣ ሞተር የምትሄድ ስለነበረች እንደ እንፋሎት መርከብ ያን ያህል የተጠቀለለ ቧንቧ አልነበራትም፣ ግን በዚያ ዘመን ለጭስ ማውጫ መሸፈኛና ለጓርኒሲዮን አስቤስቶስ የተለመደ ነበር። ጠባሳው ብቻውን የሚያመጣው ካሳ ካለም ትንሽ ነው። እና እውነቱን ለመናገር ዛሬ ጠበቃ ፍለጋ ከመሮጥ ሐኪሙን አጥብቀው ቢይዙ እመርጣለሁ።

ያ ጠባሳ ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። አንድ ጊዜ አቧራው መግባቱን የሚናገር ምልክት ነው። የትንፋሽ ምርመራ ያሠሩ። በቀን አንድ ፓኬት ለ20 ዓመት ያህል አጭሰው ከነበረ፣ ካቆሙ ገና 15 ዓመት ስላልሞላዎት፣ በየዓመቱ አነስተኛ ጨረር ያለው ሲቲ ስካን እስከ 80 ዓመት ድረስ ይመከርልዎታል። የሳንባ ምች ክትባትዎንም ይጠይቁ። ትንፋሽ ማጠር፣ አንድ ጎን የደረት ሕመም፣ ያለ ምክንያት መክሳት ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ዛሬ ካሳ ባይኖርም የሠሩበትን ዓመት፣ የአለቆችዎንና የጓዶችዎን ስም፣ የትኛውን ሞተር ትፈቱ እንደነበር በወረቀት ያስቀምጡ። እና አሁን ተበትነው ዋሽንግተንም፣ አዲስ አበባም፣ ስዊድንም ያሉትን የምፅዋ ልጆች በስልክ ሲያገኙ ይህን ይንገሩልኝ፤ ሐኪም «ሥራህ ምን ነበር?» ሲላቸው «ጡረታ ላይ ነኝ» ወይም «ታክሲ ነበር የምነዳው» ብለው አይለፉት። የውጭ ሐኪም ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ነበራት ብሎ አያስብም፣ ካልነገሩት አይጠይቅም። «መርከብ ላይ ነበርኩ፣ ሞተር ክፍል» ይበሉትና ፋይሉ ላይ ያስጽፉት።